በሩን የከፈተው ወንድሜ ነው

የተጠርጣሪ ቃል

ቃል ሰጪ፦ ጤናዬ ኃይሌ
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ በአረጋውያን መንከባከቢያ የነርስ ረዳት
አድራሻ፦ ፓርክ ሂል፣ ዴንቨር
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ዓርብ ኦክቶበር 14 ቀን 2016
ቃል ተቀባይ፦ መኮንን ኬለር
ቃሉን ተርጉሞ በአማርኛ የጻፈው፦ ምናሉ ወርቁ፣ አስተርጓሚ
የተጠረጠረችበት፦ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ መጣስ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ዝም የማለትና ጠበቃ የመጠየቅ መብት እንዳለኝ መኮንኑ ከካርድ ላይ አንብቦ፣ አስተርጓሚው ተርጉሞልኛል። ገብቶኛል ብዬ ፈርሜያለሁ። ለመናገር የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዝም ማለት መብት መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት፤ በእኛ ቤት ዝም የሚል ሰው ጥፋተኛ ነው።

እናቴ ወይዘሮ ትርፌ የምትኖረው አውሮራ፣ ታናሽ ወንድሜ ኢሳይያስ ቤት ነው። ስትሮክ ከመታት ጀምሮ ግራ ጎኗ አይታዘዝም፤ ውኃ ይፍላ ይቀዝቅዝ በዚያ በኩል አታውቅም። መናገርም ትታለች። ሰው ግን ትለያለች። የእኔ አፓርታማ ሊፍት የሌለው ሁለተኛ ፎቅ ስለሆነ እሷን ማስገባት አልቻልኩም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ ወንድሜ ቤት ሄጄ አጥባታለሁ። ሌላ ቀንም እሄዳለሁ፤ ዓርብ ግን ቀርቼ አላውቅም ነበር።

በሴፕቴምበር አጋማሽ ኢሳይያስ ቶርንተን ውስጥ ለእናታችን ነርሲንግ ሆም ማግኘቱን ነገረኝ። አይሆንም አልኩ። እንዲህ ያለ ቦታ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ደወል ተጭኖ ሰው የሚጠብቅ አሮጊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ እናቴ ደግሞ ደወሉን መጫን አትችልም። ወንድሜም «እትዬ፣ አንቺ ለፈረንጅ እናት የምታደርጊውን ለእኛ እናት ሌላ ሰው ያድርግላት፤ ምን አለበት?» አለኝ። በእጄ የያዝኩትን ኩባያ ወረወርኩ። ግድግዳ ላይ ተሰበረ፤ ስባሪው ክንዱን ጫረው። ይህን አልክድም። ደሙን በናፕኪን የጠረግኩለት ራሴ ነኝ፣ ክንዱንም አልነጠቀኝም። ለዚህ ነው ያለቀ የመሰለኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ የሸሪፍ ባልደረባ አፓርታማዬ ድረስ መጥቶ ወንድሜ ያስወጣብኝን የፍርድ ቤት ወረቀት ሰጠኝ። ከወንድሜ ቤት እንድርቅ፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 4 ቀን ሴንቴኒያል ፍርድ ቤት እንድቀርብ፣ ካልቀረብኩ ትእዛዙ ቋሚ ሊሆን እንደሚችል ይላል። ተጠይቄ ስመልስ፦ አንብቤዋለሁ። እንግሊዝኛው አልከበደኝም። ለማክሰኞው ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር።

እሑድ ኦክቶበር 2 ቀን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሽማግሌዎች አስቀመጡን። የሽምግልናው መሪ አቶ ተክለሚካኤል ናቸው። ልጅ ሲዳርም ባልና ሚስት ሲጣሉም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ኩባያው ይቅርታ ጠየቅኩ። ኢሳይያስ ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመ። አቶ ተክለሚካኤል «የፍርድ ቤቱስ ነገር?» አሉት። «ትቼዋለሁ አባቴ፣ ማክሰኞ ሄጄ እዘጋዋለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺም ማክሰኞ እንዳትሄጂ። ከእርቅ በኋላ ችሎት የሚቆም፣ ሽማግሌ አዋረደ ማለት ነው» አሉኝ። «እሺ አባቴ» አልኩ። መርቀውን ተነሣን። ኢሳይያስ መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ፤ «ጎማሽ አልቋል፣ በረዶ ሳይመጣ ቀይሪው እንጂ እትዬ» አለኝ። በኋላ ያሰብኩት ይህን ነው። ስለ ጎማው ያሰበበት ልብና ያ ሌላው ልብ አንድ ቦታ እንዴት እንደሚያድሩ።

የወሰድኩትን ፈቃድ መለስኩና ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። ችሎቱ በተቀጠረበት ሰዓት የአንዲት አሮጊት ፀጉር እያበጠርኩ ነበር። ልቤ ፈራ እንዴ ብዬ አሁን ራሴን እጠይቃለሁ። አልፈራም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያለፈው ዓርብ፣ እስኪጠራኝ ልጠብቅ ብዬ አልሄድኩም። ሐሙስ፣ ማለትም ትናንት፣ ኢሳይያስ ስልክ ደወለ። ባለቤቱ ሶሲ ወገቧን እንዳመማት ነግሮኝ «ነገ ነይና እማዬን እጠቢያት» አለኝ። ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤቱ ደረስኩ። መኪናዬን መንገድ ዳር ፓርክ አደረግኩ። ደወሉን ተጫንኩ። በሩን የከፈተው ወንድሜ ነው። «ግቢ እትዬ፣ ስትጠብቅሽ ነው የዋለችው» አለኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። ገባሁ።

እናቴን መታጠቢያ ቤት፣ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ሁልጊዜ ከቀኝ ነው የምጀምረው፣ በሚሰማት በኩል፣ እንዳትደነግጥ። ቀኙን አጥቤ አለቀለቅኩ። ግራውን ሳሙና መቀባት ስጀምር ከጋራዡ በኩል የኢሳይያስ ድምፅ ተሰማኝ። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው። «አዎ፣ አሁን ቤቴ ውስጥ ናት» አለ። ስለ እናቴ ለሐኪም የሚናገር መሰለኝ። ሳሙናውን ትከሻዋ ላይ፣ ብብቷ ውስጥ፣ በማትዘረጋው እጇ ጣቶች መሀል አዳረስኩ። ውኃ ልከፍት ስል በሩ ተንኳኳ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ጨዋዎች ነበሩ፤ እናቴን አይተው ፊታቸውን አዞሩ፣ ፎጣ እንዳለብሳትም ፈቀዱልኝ። ላለቅልቃት አልኩ። «እመቤቴ፣ አሁን መውጣት አለብዎት» አሉኝ። እጄን አድርቄ ወጣሁ።

ሳሎን ውስጥ ኢሳይያስን «ምን አድርጌህ ነው?» አልኩት። እሱም «እትዬ፣ እኔ አንድም አልዋሸሁም። ዳኛዋ ተጠሪዋ መጥታለች ወይ አለችኝ፤ አልመጣችም አልኩ። ትእዛዙን ትፈልጋለህ ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኩ። ስለ ሽማግሌ የጠየቀኝ የለም» አለኝ። ሶሲ ከኩሽና አልወጣችም።

ተጠይቄ ስመልስ፦ ትእዛዙ ኦክቶበር 4 ቀን ቋሚ መሆኑን አላውቅም ነበር። አዲስ ወረቀት አልደረሰኝም። መኮንኑም ሌላ ወረቀት እንዲደርሰኝ ሕጉ እንደማያስገድድ አስረድቶኛል፤ መጀመሪያ የተሰጠኝ ወረቀት ካልቀረብኩ የሚሆነውን አስቀድሞ ነግሮኛልና። ወንድሜ ራሱ ጠርቶኝ፣ ራሱ በሩን ከፍቶልኝ እንዴት ጣስሽ እባላለሁ ብዬ ጠየቅኩ። ትእዛዙ የሚያዘው እኔን እንጂ እሱን አይደለም፤ እሱ «ግቢ» የማለት ሥልጣን የለውም፤ ማንሣትም ማሻሻልም የሚችለው ዳኛ ብቻ ነው ተባልኩ። ይህም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አሳዩኝ። አለ።

ይህ ሕግ ክፉ ነው አልልም። ሳስበው፣ የመታት ሰው መጥቶ፣ አባብሎ በሩን እንዳያስከፍታት ለፈራች ሴት የተሠራ ነው። በእኔም ሥራ ፕሮሲጀር አለ። ከአልጋ የሚነሣን በሽተኛ ሁለት ሰው ይይዘዋል፤ ብቻዬን እችላለሁ ብሎ ያነሣ ይባረራል። በሽተኛው እንዳይወድቅ ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። ሰውን በፕሮሲጀር መጣል እንደሚቻል ግን ማንም አላስተማረኝም።

መኮንኑ ወንድሜ ዛሬ ደውሎ የተናገረውን አነበበልኝ። የእናቴ ሞግዚት ሆኖ ስለ እሷ ለመወሰን ማመልከቻ ማስገባቱን፣ ትእዛዙ ከተጣሰ በፖሊስ እንዲመዘገብ ጠበቃው እንደመከረው ተናግሯል። ስለ ማመልከቻው ታውቂያለሽ ወይ ተብዬ፦ አላውቅም ብያለሁ። ቀጥሎ በትእዛዙ ጥበቃ የሚደረግላቸው ሰዎች ስም ተነበበልኝ። ኢሳይያስ ኃይሌ። ሶሲ። ሦስተኛው ትርፌ።

(እዚህ ላይ ቃል ሰጪዋ ውኃ ጠይቃ ተሰጥቷታል።)

ከማን ነው የምትጠበቀው ብዬ ጠየቅኩ። መኮንኑ ከእርስዎ አለኝ። አስተርጓሚውን በቤተ ክርስቲያን ስለማውቀው «ወንድሜ ምናሉ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት። «እህቴ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ከራሴ መናገር አይፈቀድልኝም» አለኝ። እሱም ፕሮሲጀር አለው።

ይህን ቃል ከመስጠቴ በፊት ስልክ ተፈቅዶልኝ ለአቶ ተክለሚካኤል ደውዬ ነበር። የሆነውን ስነግራቸው አዘኑ። መጥተው አስታርቀናቸው ነበር ብለው እንዲመሰክሩልኝ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ እኛ ልብ አስታረቅን እንጂ የፈረንጅ መዝገብ አልዘጋንም። የእርቅ ቃል ደግሞ ችሎት አይወጣም» አሉኝ። «አትሂጂ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አልኩ። «ብያለሁ። ለሰላም ብዬ ነው» አሉ። ቀጥለውም ወንድሜን እንዳልረግመው መከሩኝ። አልረገምኩትም። ስልኩን እኔ አልዘጋሁም፤ እሳቸው ናቸው የዘጉት።

ቃሌ ተነበበልኝ። የሚታረም አለ ወይ ተብዬ አንድ ቦታ አሳርሜያለሁ። መጀመሪያ «ወደ ቤቱ ገባሁ» ብቻ ተብሎ ነበር የተጻፈው። በሩን የከፈተው ወንድሜ መሆኑ እንዲጨመር ጠየቅኩ። መኮንኑ በጉዳዩ ላይ የሚለውጠው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ይለውጥ አላልኩም፤ ይጻፍ ነው ያልኩት። ተጽፏል።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፣ የእናቴ ግራ ጎን ሳሙናውን እንደያዘ መቅረቱን ተናገርኩ። ሳሙና ሲደርቅ ቆዳ ይበላል። በዚያ በኩል አይሰማትም፤ ቢሰማትም አትናገርም። መኮንኑ ማንም ሰው ስለ ሌላው ደኅንነት ፖሊስ ሄዶ እንዲያይ ማመልከት እንደሚችል ገለጸልኝ። የተከለከለ ሰውም ይችላል ወይ አልኩ። ይችላል አለኝ። ቅጽ አውጥቶ ጠየቀኝ፦ የአመልካች ስም፣ የሚታየው ሰው ስም፣ ዝምድና፣ ምክንያት። ዝምድና በሚለው ላይ ልጅ አልኩ። ምክንያት በሚለው ላይ ሳሙና አልኩ። ሳይስቅ ጻፈ። ዛሬ የጠየቅኩት ነገር ሲጻፍልኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ቆይቶ በሬዲዮ መልስ መጣ። ሌላ መኮንን ቤቱ ሄዷል። ወይዘሮ ትርፌ ሳሎን ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ልብስ ለብሰዋል፣ ደኅና ይመስላሉ ተባለ። የግራውን እጅጌ ይንካልኝ ብዬ ለመንኩ። መኮንን ኬለር በሬዲዮ ነገረው። እርጥብ ነው፣ ያሙለጨልጫል የሚል መልስ መጣ። ሳያለቀልቁ ነው ያለበሷት። የሄደው መኮንን እዚያው ቆሞ እንዲያስለቀልቃት፣ እስኪጨርሱም እንዳይወጣ ጠየቅኩ። ሶሲ አሁን እያጠበቻት ነው፣ መኮንኑም በር ላይ እየጠበቀ ነው ተብያለሁ።

ከላይ ያለው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ቃል ነው፤ ማንም አስገድዶኝ አልተናገርኩም። ያልተጠየቅኩትንም ተናግሬያለሁ፣ ወንድሜ እንዳደረገው ላለማድረግ። ጉዳዬ ለሚታይበት ቀን የተሰጠኝን ቀጠሮ ተቀብያለሁ። ሽማግሌ ቢመጣ፣ ወንድሜ እንደገና ጉልበቴን ቢስም፣ በዚያ ቀን ችሎት እቀርባለሁ። የእናቴን ስም ሲጠሩ እዚያ መሆን አለብኝ።

ጤናዬ ኃይሌ፣ ቃል ሰጪ (ፊርማ)
ምናሉ ወርቁ፣ አስተርጓሚ (ፊርማ)
መኮንን ኬለር (ፊርማ)