አያ እጅጉ ከዓይን የሸሸጓቸው ንቦች

ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የፈተና ወረቀት ላባዛ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የማርያማዊት ቤት ጎራ አልኩ። እኔ ስመኘው የምባል የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ቁጣ ቶሎ የሚይዘኝ ሰው እንደሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ማርያማዊት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። በኮምፒዩተር ተመርቃ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። በተከራየቻት አንዲት ክፍል ፎቶኮፒ እያነሳች ትተዳደራለች፤ በተረፋት ጊዜ ደግሞ ከጓደኛዋ ከአሸናፊ ጋር ሆና «ቀፎ» የሚባል ድረ ገጽ ታካሂዳለች።

ድረ ገጹ ንብ ለሚወዱ ሰዎች የተሠራ ነው። ደምበጫ ያለ አንድ ጡረተኛ ጓሮው ያስቀመጣትን ብቸኛ ቀፎ በየሳምንቱ ፎቶ እያነሳ ያሳይበታል። ሽንዲ ያለ ዲያቆን ንቦቹ የትኛውን አበባ እንደያዙ ይጽፍበታል። አንዲት የቡሬ ነርስ ንቡ ቀፎ ጥሎ ሊሄድ ሲያቆበቁብ ምን እንደሚበጅ ትጠይቅበታለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የርጭት ማስታወቂያው ነው። በርበሬው ላይ የተባይ መድኃኒት ሊረጭ ያሰበ ገበሬ ቀኑን ያስመዘግባል፤ ድረ ገጹም እዚያ ቀበሌ ንብ ላላቸው ሁሉ በስልካቸው መልእክት ይልካል። እነሱም በዋዜማው ማታ፣ ንቡ ሲገባ፣ የቀፎውን አፍ ዘግተው ያሳድራሉ፤ ርጭቱ ሲያልፍ ይከፍቱለታል።

ለዚህ ሥራዋ ከተማው ምን ብሎ የሸለማት ይመስላችኋል? «ሥራ ፈት!» የንግድ ፈቃድ ልታወጣ ብትሄድ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ «የምትሸጪው ዕቃ የታለ?» እያለ ሦስት ጊዜ መለሳት። ሦስት ጊዜ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ወረቀቴን ሰጥቼ ገና ሳልቀመጥ አንድ ሽማግሌ ሽመላቸውን ይዘው ገቡ። አያ እጅጉ ናቸው፤ ከጅጋ ወጣ ብለው የሚያርሱ ገበሬ። ልጃቸውን እንቁን ስላስተማርኳት አውቃቸዋለሁ። ጎንበስ ብለን እጅ ነሣን፤ እሳቸውም እንደ ደንቡ የጤናችንን፣ የክረምቱን ጠየቁን። ሰላምታው ሲያልቅ ወደ ማርያማዊት ዞሩ።

«ንቤን የጨረስሽብኝ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ምን አጠፋሁ አባቴ?»

«ምን አጠፋሁ ትላለች! ልጄ ቀፎዬን ፎቶ አንስታ ባንቺ ገጽ ላይ አገር እንዲያየው አደረገችው። ንብ ለሰው አይታይም፣ ቁጥሩም አይነገርም። አባቴ ስንት ቀፎ እንዳለው ለእናቴ እንኳ አልተናገረም። ይኸው ስንቱ ዓይን አርፎበት አራት ቀፎ ንብ ባንድ ጠዋት ረገፈ! የቤትሽ ባለቤት የክርስትና ልጄ ነው። ይህን ነገርሽን ዛሬውኑ ካልዘጋሽ እሱን ነግሬ ዕቃሽን ደጅ አስወጣዋለሁ።»

አላስችል አለኝ። «አያ እጅጉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...» ብዬ ስጀምር ማርያማዊት «መምህር፣ በሞቴ እኔ ልመልስ» አለችኝ። ያለዚያች ክፍል መግቢያ የላትም። ቢሆንም ረጋ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ንቦቹ የሞቱት መቼ ነው አባቴ?»

«ባለፈው ዓርብ።»

«ፎቶው የወጣውስ?»

«ሰኔ ላይ ነው አሉ። እኔ የሰማሁት ግን ከዓርቡ በፊት ባለው እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዱ ‹ቀፎዎችዎ ሲያምሩ!› አይለኝ መሰላችሁ! ዕለቱን ልጄን ተቆጥቼ ፎቶውንም ስሜንም አስፋቅኩ።»

«እንግዲያው ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው ሁሉ እያያቸው በደኅና ኖሩ። ከተሸሸጉ በኋላ ግን አምስት ቀን እንኳ በቅጡ አልቆዩም።»

«ዓይን እኮ ውሎ አድሮ ነው የሚሠራው!» አሉ፣ ነገር ግን ድምፃቸው ቀነስ ብሏል።

ማርያማዊት ኮምፒዩተሩን ወደኔ አዞረችው። «መምህር ያንብቡላቸው።»

አነበብኩ። ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው ናሁሰናይ «ነገ ዓርብ በርበሬዬን እረጫለሁ» ብሎ አስመዝግቧል። መልእክቱ የደረሳቸውን አሥራ ሁለት ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠራሁላቸው።

«የእነዚህ ንቦች እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«የቢሆነኝ ደኅና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የቄስ ገብረ ሕይወትም ትናንት ሲመላለስ አይቼዋለሁ።»

«የእርስዎ ስምስ የታለ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ ወረወሩ።

«እኔ ልንገርዎ!» አልኩ፤ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። «አሥራ ሦስተኛው እርስዎ ነበሩ! በገዛ እጅዎ አስፋቁት። ናሁሰናይስ ለምን በአፉ አልነገረዎትም? የንብዎን ስም ያነሣብዎትን ሁሉ ስለሚቆጡ ነዋ! ማን ይድፈርዎት? መርዝ የገደለውን በዓይን አሳበቡ። ያ ሳያንስ ንብዎን ልታድን የደከመችን ልጅ ከቤት ላስወጣ ብለው ይምጡ? ኧረ ግፍ ነው!»

ለሽማግሌ እንዲህ መናገር ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን አንባቢ ሆይ፣ የኛ ነገር እስከ መቼ ነው? በሽታችንን ከሐኪም እንሸሽጋለን፤ የምናውቀውን ሙያ ከጎረቤት እንሸሽጋለን፤ ያጣን ዕለት ደግሞ ጥፋቱን የምንጭንበት ሰው እንፈልጋለን። የሚሠሩ ልጆቻችንንማ ተዉት፤ የሽቅርቅር ልብስ ሱቅ ካልከፈቱ እንደ ሰው አንቆጥራቸውም።

አያ እጅጉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«የገደልኳቸው እኔ ነኝ በለኛ» አሉኝ።

ማርያማዊት ናት አጠገባቸው ሄዳ የተቀመጠችው። «አባቴ፣ ማንም እንዲያይብዎት ካልፈለጉ ፎቶው ይቅር። ቁጥሩንም ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው የለም። የምፈልገው ቀበሌዎንና የልጅዎን ስልክ ብቻ ነው። የሚረጭ ሰው ሲኖር ይነገርዎታል፤ ንቡ ሲታመም ደግሞ የሚያውቅ ይመክርዎታል፤ ማሩ ሲደርስም ገዢው ራሱ ይጠይቅዎታል።»

«ሰባት ቀርተውኛል» አሉ በጆሮዋ።

መዘገበቻቸው። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «አባቴ! ነገ ጠዋት ከእናንተው ቀበሌ፣ ከወንዙ ማዶ የሚረጭ አለ። ዛሬ ማታ መዘጋት አለባቸው። ለእንቁ ልደውልላት?»

«አትድከሚ» አሉ። «ስልኳን ቀምቼ ሳጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ።» እጃቸውን ወደ አንገታቸው ላኩ፤ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥሏል። «ቁልፉም ከኔ ጋር ነው። እግዚኦ! መምህር፣ ቶሎ መኪና አስይዘኝ!»

ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር። ከጅጋ በኋላ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ አለ። እየሮጥን መናኸሪያ ደረስን፤ የመጨረሻውን ወንበር አገኘሁላቸው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ያችን ልጅ ይቅር በይኝ በልልኝ። ከዚያ ቤት የሚያነሳት የለም፤ ለክርስትና ልጄ ራሴ እነግረዋለሁ!» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንድ ቀፎ ንብ ለአንድ ቤት ማር ብቻ አይደለም፤ በርበሬውም፣ ኑጉም፣ ባቄላውም ፍሬ የሚይዘው በሱ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ለስንት ዓመት አስተማርኩ! አንድ ንብ ግን በማስተማሬ አልዳነም። ማርያማዊት ግን በአንዲት መልእክት የአሥራ ሁለት ቤት ንብ አተረፈች።

በማግስቱ ወደ ማታ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የእንቁ ነው፤ ድምፁ ግን የአባቷ። አያ እጅጉ ስልክ ይዘው አያውቁምና ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣሩ ሁሉ ይጮኻሉ፤ ሠፈሩ በሙሉ ሳይሰማቸው አልቀረም።

«መምህር! ከፈትኩላቸው! ወጡ! ሰባቱም ቀፎ ወጡ!»