በሐይቁ ውስጥ ያደረ ዓሣ

አጵሎስ የሚሠራበት ድርጅት ፒክአፕ ባይበላሽ ኖሮ እሱና ጋሽ ባፈና በዚያ ከሰዓት በኋላ ባልተገናኙ ነበር። ጊዜው የሽግግሩ መንግሥት ባበቃ ማግሥት ነው። አጵሎስ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እየገዛ ወደ አዲስ አበባ በሚልክ አንድ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጀልባ የሚወርደውን ዓሣ መተንፈሻ ስንጥቡን እየገለጠ ያያል፤ ቀዩን ያሳልፋል፣ የጠቆረውን ይመልሳል። ዓሣው የተመለሰበት ሰው ደግሞ ሰላምታ ይነፍገዋል። ሌባ ቢሆን እንኳ እንዲህ ባልሸሹት! እሱ ብቅ ሲል ጨዋታ ይቋረጣል፤ ምሳውንም የሚበላው ብቻውን ነው። ከአጥማጆቹ ሁሉ “እንዴት አደርክ?” የሚሉት ሽማግሌው ጋሽ ባፈና ብቻ ነበሩ፤ በዚያን ዕለት ጠዋት ግን የእርሳቸውንም ዓሣ መለሰ።

መኪና አጥቶ በእግሩ ወደ ከተማ ሲያዘግም፣ ሐይቁ ዳር መረብ ሲጠግኑ አገኛቸው።

“እንደምን ዋሉ ጋሼ?”

“እኔ ደህና ነኝ። ታመመ የተባለው ዓሣዬ ነው” አሉ ቀና ሳይሉ።

“ዓሣው እኮ የትናንት ነው።”

“ቢሆንስ! መኪናችሁ ቀድሞኝ ቢሄድ፣ በገመድ ሰክቼ ሐይቁ ውስጥ፣ ደንገሉ ሥር አሳደርኩት። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያሳድረው። ዓሣ ውሃው ውስጥ እያለ ምን ያገኘዋል?”

“በሬ ሣር ላይ ሞቶ ቢያድር፣ መስኩ ቤቱ ነው ብለው ሥጋውን ይበሉታል?”

“በሬን ከዓሣ ምን አገናኘው?”

“ሁለቱም ከሞቱ ይበሰብሳሉ ጋሼ። ውሃው የሚጠቅመው ዓሣው እስኪሞት ድረስ ነው። እስቲ እጅዎን ይንከሩት።”

ሽማግሌው እያጉረመረሙ እጃቸውን ነከሩ። ውሃው ለብ ብሏል።

“በዚህ ውስጥ ነው ያደረው” አለ አጵሎስ። “ብልሽቱ ደግሞ ከሆዱ ይጀምራል። እንደወጣ ሆዱን ከፍቶ ማጠብ፣ ከዚያ በረዶ ውስጥ መክተት ነው። በረዶውን ድርጅቱ ያቀርባል።”

“እሺ፣ አንተ ተምረሃል። ግን እኔ ባፈና ነኝ! ሰው ሁሉ ሲዘጋህ ያናገርኩህ እኔ ነኝ። የኔን ሳትገልጥ ብታሳልፍ ምን ነበረበት?”

“ከእርስዎ በቀር የሚያናግረኝ የለም። እርስዎንም እንደማጣ እያወቅሁ ነው የመለስኩት።”

“ታዲያ ለምን?”

“ልጅዎ ሻሺቱ የት ነው ያለችው?”

“አዲስ አበባ። አራስ ናት።”

“ዓሣ ብታስገዛ ከእኛ መኪና የወረደውን ይሆናል። እርስዎ አጠገቧ የሉም፤ ስንጥቡን ማን ያይላታል?”

ጋሽ ባፈና መረቡን ለቀቁት። “የምታይላት አንተ ነሃ” አሉ።

ሰው ተቆጣጣሪ ሲባል ጥፋት ፈላጊ ይመስለዋል። ተቆጣጣሪ ግን ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ ሊገኝ ላልቻለ ሰው ዓይኑን የሚያውስ ነው። የሚጠቅመው ሰው ርቆ ሳለ የሚያስቀይመው ሰው ፊቱ ስለሚቆም፣ ሥራው ብቸኛ ያደርጋል።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጋሽ ባፈና ዓሣቸውን ጀልባው ላይ እያሉ ሆዱን ከፍተው ማጠብና በረዶ ውስጥ መክተት ያዙ፤ ሐይቁ ውስጥ ማሳደሩንም ተዉ። አንድም ዓሣ አልተመለሰባቸውም። አንዳንዶች አይተው ተከተሏቸው። ዳርቻው ላይ የሚጣለው ዓሣ ቀነሰ፤ ዝንቡም አብሮ ቀነሰ። ዕቃው እየተበላሸ ሲያማርር የኖረው የአዲስ አበባ ነጋዴም የሚከፍለውን ዋጋ ጨመረ።

አንድ ጠዋት ታዲያ የጋሽ ባፈና የልጅነት ጓደኛ ጉታ ውሃ ውስጥ ያደረ ዓሣ ይዞ ቀረበ። አጵሎስ እጁን ሳይዘረጋ ጋሽ ባፈና ስንጥቡን ገለጡና “ጉታ፣ ይሄ አይሆንም፤ መልሰው” አሉ። ጉታ ዓሣውን ሰብስቦ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወደ ከተማ አብረው ሲሄዱ ጉታ በመንገድ አለፋቸው። ጋሽ ባፈና ሰላም ቢሉት ፊቱን አዞረ።

“ጉታ እኮ ነው!” አሉ። “ይህ የሚሰማኝ ነገር ይለቅቃል?”

“እኔን ገና አለቀቀኝም ጋሼ።”

“እንግዲያው ነገ ማልደህ ና” አሉ ሽማግሌው። “ብቻዬን ስመልስ ይከብደኛል።”