ሩብ የቀረው ባትሪ

በደቡብ ታይላንድ ካለችው ከከተማችን ከፓታሉንግ ገበያ ዓሣዬን ይዤ ስመለስ የልጅ ልጄን ዊላዋንን ደጃችን ላይ አገኘኋት። እሷ አስተማሪ ናት፤ እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ሞኝ ግን አይደለሁም። አሮጌውን የናፍጣ መኪናችንን ሸጣ፣ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታ አቁማለች።

«ይኼ ደግሞ የት ሊደርስ ነው?» አልኳት። አፌ ይቀልዳል፤ ሆዴ ግን ለባሌ ለቡንሶንግ ፈርቷል። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ካልታጠበ ትንፋሹ ያጥራል።

«እማማ፣ ሆስፒታሉ ደርሶ መልስ አርባ አራት ኪሎ ሜትር ነው። የዚህ ባትሪ ሲሞላ ሦስት መቶ ያስኬዳል።»

«መንገድ ላይ ቢያልቅስ? ናፍጣ በጠርሙስ ይለመናል፤ መብራት በምን ይለመናል?»

«ለመሆኑ ከሆስፒታልና ከገበያ አልፈው የሄዱት መቼ ነው?»

«ምላስሽ ይቆረጥ!» አልኳት።

አመሻሹ ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ፍርሃቴ ባሰ። መኪናውን የሰካችው የግቢያችን ጠባቂ መንፈስ፣ የአድባሩ ትንሽ ጎጆ መብራት ከሚያገኝበት ሶኬት ላይ፣ የእሱን ነቅላ ነው። አድባሩ በጨለማ፣ ሽቦው በዝናብ! ቤቱ ሊነድ ነው ብዬ ነቀልኩት። የአድባሩን መብራት መልሼ ሰካሁ፤ እንዳይቆጣም የሚቀርብለትን ቀይ ለስላሳ መጠጥ አስቀመጥኩለት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ጠዋት ቡንሶንግ ፊቱ አብጦ፣ እያቃሰተ መኪናው ውስጥ ገባ።

«ማነው የነቀለው?» አለች ዊላዋን። ባትሪው ሩብ ብቻ ቀርቶታል። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ያደረስኩት ግን እኔው ነኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ታክሲ ጥሪ!»

«ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ይወስደናል። ይግቡ፣ እማማ።»

ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አላነሳሁም። በቀነሰ ቁጥር የቡንሶንግን እጅ እጨብጣለሁ።

«ኩላሊቴ አልበቃ ብሎሽ ጣቴንም ልትሰብሪው ነው?» አለኝ።

ኩላሊቱን ታጥቦ፣ የፊቱ እብጠት ጎድሎ፣ ቤታችን ስንገባ ቁጥሩ ገና ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ይላል። ፍርሃቴ ያስቀረልን ሩብ እንኳ ቀናችንን አዳርሶ ተረፈ!

«ሶኬቱ ላይ ግን እርስዎ አልተሳሳቱም» አለች ዊላዋን። «ለመብራት የተሠራ ሽቦ መኪና አይችልም። ለራሱ መስመር ይዘረጋለት።»

በማግስቱ ባለሙያ ጠርቼ፣ ከዝናብ በተከለለ ቦታ ወፍራም ሽቦ አስዘረጋሁ። አድባሩም መብራቱን አላጣ። የማደያ ሰልፍ ቀረልን፤ ቡንሶንግን የሚያስለው ጭስም ቀረ።

እናንተም እንደኔ የምትፈሩ፣ መጀመሪያ የየቀን መንገዳችሁን ቁጠሩ። ከዚያ ፍሩ። እኔ ዛሬም እፈራለሁ፤ ግን በየምሽቱ ወጥቼ የማየው መነቀሉን ሳይሆን መሰካቱን ነው።