ከሰሌዳው ሥር የተሸጠ በሶ

አቶ ከሊፋ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ አሰላ መሀል ያለውን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳያነቡ ቤታቸው አይገቡም። መጀመሪያ ለልጃቸው ለሚፍታ ሦስት ዓመት አነበቡ፤ አሁን ደግሞ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ለምትመረቀው ለእህቱ ለሙቢና ያነባሉ።

ያን ዕለት መነጽራቸውን እየሰኩ ሲደርሱ፣ ሙቢና ራሷ ካርቶን ከፊቷ አስቀምጣ፣ ማስታወቂያ ለሚያነቡት ወጣቶች በላስቲክ የታሸገ በሶ ስትሸጥ አገኟት። ክው አሉ። ሰው ፊት መቆጣት ነውር ነውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው ገብስ ልትቆላ እንደሆነ ጠየቋት።

"አባ፣ ይቆጡኝ፤ ግን ይስሙኝ" አለች። "የገብስ አገር ልጅ ሆኜ፣ በሶ ከአዲስ አበባ ታሽጎ ሲመጣልን ማየት ሰለቸኝ።"

"መንግሥት ቤት የገባ ወሩን ጠብቆ ይበላል። ንግድ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ደግሞስ የከሊፋ ልጅ ተምራ ጉልት ተቀመጠች ሲባል በየት በኩል ልለፍ?"

አቶ ከሊፋን ብቻ መውቀስ አይገባም። ወላጅ የሚያሳየው የሚያውቀውን መንገድ ነው፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

ሙቢና ስለ ክፍሏ ነገረቻቸው። መምህሩ ከምረቃ በኋላ የራሱን ሥራ የሚጀምር ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ከአርባው ተማሪ እጃቸውን ያወጡት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ወላጆቻቸው ሲነግዱ እያዩ ያደጉ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ገንዘብ የለኝም ያለው ጥቂት ነው። የሚበዛው የቤተሰቡን ፊት ነው የፈራው።

"ሚፍታም የፈራው ይኼንኑ ነበር" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚፍታ ተማሪ ሳለ ከአሮጌ በርሜል በእጅ የሚዞር የገብስ መቁሊያ ሠርቶ ነበር። አቶ ከሊፋ የሰው አፍ ፈርተው፣ ልጁ ትምህርት ላይ ሳለ ቆራሌው ሲያልፍ ጠርተው ሸጡበት። ሚፍታ ተመርቆ ሦስት ዓመት ከዚሁ ሰሌዳ ሥር ቆመ፤ ከዚያ በጅቡቲ በኩል ወጣና ባሕር ላይ ቀረ። የሚቀበር እንኳ አልተገኘም።

አቶ ከሊፋ ሰሌዳውን ተደገፉ።

"እኔ ነኝ የሸኘሁት" አሉ። "በርሜሉን የሸጥኩ ዕለት ሸኝቼዋለሁ።"

"እንዲያ አላልኩም አባ፤ የአላህ ፈቃድ ነው። እኔ የምልዎ፣ ብከስር እንኳ ደጅዎ ላይ ነው የምከስረው። ከቀናኝ ደግሞ አርሲ ጎበሳ ያለው ገበሬ ገብሱን እዚሁ ይሸጣል፤ እዚህ ከቆሙት ሁለት ሦስቱ ሥራ ያገኛሉ፤ አገር ጥለው አይሄዱም። ከእርስዎ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። ሰው ሲጠይቅዎ ልጄ ናት እንዲሉልኝ ነው።"

ወዲያው ጎረቤታቸው አቶ አስናቀ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ ይቺ ልጅ ሙቢና አይደለችም ወይ ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ከሊፋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ልጄ ናት" አሉ። "በሶዋን ቅመሱላት።"

በሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሰሌዳው ጋ አልታዩም። የሄዱት ቆራሌዎች ዕቃ ወደሚያከማቹበት ግቢ ነው። የሚፍታ በርሜል ከቀለጠ ዓመታት እንዳለፉት ያውቃሉ፤ ቢሆንም የተከመረውን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። በመጨረሻ ደህና የሚመስለውን መርጠው ገዙና፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ እያንከባለሉ ወደ ቤታቸው ወሰዱት።