ፈረስ የሚፈራው ፈረሰኛ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ይህን የሰማሁት ከሁሩታ ወደ አዳማ ስንመጣ ታክሲ ውስጥ ነው። ፈረስ ላይ የተቀመጠውን የጀግና ሐውልት ስናልፍ አንዲት አሮጊት ሳቁ።

«ወንድሜ እኮ ፈረስ ይፈራ ነበር!»

«የእርስዎ ወንድም ነው እንዴ፣ እማማ?» አለ አጠገባቸው ያለው ወጣት።

«የእናቴ ልጅ! በእግሩ ሄዶ ነው ተዋግቶ የሞተው። በቅሎ ላይ እንኳ ደግፈን ነበር የምናወጣው።»

«ታዲያ ሐውልቱ ሲመረቅ ለምን አልተናገሩም?»

«የሐውልቱ ሥዕል ያለበት ከነቴራ አልብሰው ፊት አስቀመጡኝ። አጨበጨብኩ።»

«ለአንድ ከነቴራ ብለው ፈረሰኛ አደረጉታ!»

«ሳቅ አንተ! የልጅ ልጆቼ በፈረሰኛነቱ ይፎክራሉ። ፈረስ ይፈራ ነበር ስላቸው፣ አርጅተሽ ረሳሽ ይሉኛል።»

«እርስዎ ግን አልረሱም።»

«ፊቱ ጠፍቶብኛል፣ ልጄ። አሁን በሕልሜም የሚመጣው በፈረስ ነው።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።