ሦስተኛው ሲሊንደር

የነገሩን ቅደም ተከተል ልሳሳት እችላለሁ፤ የተባባልነውን ግን አልረሳሁትም። አያ ታደለ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቁይ ከተማ ዱቄት ሲያመላልሱባት የኖሩትን አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር አውርጄ፣ ፒስተኑን ቀይሬ መልሼ ገጥሜው ነበር። የቀረኝ የቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ብሎኖች ማጥበቅ ብቻ ነበር። ያን ቀን ልጃቸው ለሕክምና አዲስ አበባ ልትወስዳቸው ሚኒባስ ይዛ ጋራዤ ደጃፍ ላይ ቆመች።

"አባባ የመኪናዋን ድምፅ ሳልሰማ አልሄድም ብለዋል። እባክዎ ጋሼ፣ ያስነሱልን" አለችኝ።

"ዛሬ ሚካኤል ነው ልጄ። ብሎን ማጥበቅ ደግሞ ሥራ ነው" አልኳት።

አያ ታደለ ከሚኒባሱ ውስጥ ሰምተውኛል። "ተይው፣ በእኔ ምክንያት በዓል አይሻርም። ነገ በስልክ ያሰማኛል" አሉ።

በማግስቱ አጥብቄ አስነሳኋትና በልጃቸው ቁጥር ደውዬ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁት። አፍንጫቸውን ሲስቡ ተሰማኝ። ያለቀሱ መስሎኝ ፈራሁ።

"ሦስተኛው ሲሊንደር አይሠራም፤ ክፈተው" አሉ በመጨረሻ። "በዓል አክብረህ እንዲህ ከገጠምክ፣ ብትሽርማ ምን ልታደርጋት ነበር?"

ሁለታችንም ሳቅን። ከፍቼ ሳየው እውነታቸውን ነው፤ አንዱ የፒስተን ፋሻ፣ ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት፣ ስገጥመው ተሰብሯል። አስተካክዬ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሌላ ቁጥር የለኝም። መኪናዋን በየሳምንቱ አስነሳታለሁ፤ ያን ቀን ብሎኖቹን አጥብቄ ቢሆን ኖሮ አጠገቤ ቆመው ያርሙኝ ነበር እላለሁ። የእሳቸውን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት "ክፈተው" ያሉኝ ቀን ነው።