ወረቀት የሌለው ፈተና

ከዘመሮ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። እህቴ ጋ ሆና የምትማረው ልጄ ፊደሉ እየተምታታባት ልጆቹ ስለሚስቁባት፣ ከትምህርት ቤት ላስወጣት ነበር የምሄደው። ርዕሰ መምህሩን ስለምፈራቸው፣ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ነው። ከፊቴ አንድ አዛውንት የቅኔ መምህርና አንድ ወጣት አስተማሪ ይነታረካሉ።

«የልጅ ልጄ ፈተናውን አንተ እያነበብክለት፣ እሱ በአፉ እየመለሰ አለፈ አሉ።»

«አዎ የኔታ። ማንበብ ይቸግረዋል እንጂ ነገሩን ያውቀዋል።»

«ታዲያ ይኼ ማስኮረጅ አይደለም? አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ እኮ።»

«እርስዎስ ቅኔ ሲያስቀኙ ወረቀት ያድላሉ?»

«የምን ወረቀት? በቃሉ ይበለኝ እንጂ። ወረቀት የያዘውንማ በአርጩሜ ነው የማባርረው።»

«እንግዲያው የእርስዎ ተማሪዎች ሁሉ ኮርጀዋላ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«አፈኛ ነህ። የኔ ቅኔ ነው፤ ያንተ ሳይንስ ነው።»

«የጠየቅሁት እኮ ስለ በግ ጨጓራ ነው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ነገረኝ።»

«በግ በታረደ ቁጥር ሆድዕቃውን የሚያጥበው እሱ ነው፤ እንዴት አያውቅ?»

«ታዲያ ማን አስኮረጀው?»

«በጉ ነዋ።»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

«ለማንኛውም የኔታ፣ የሚመጣውም ፈተና እንደዚሁ ነው።»

«አንብብለት እንግዲህ። ግን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ፤ ስታጉተመትም እኔ እንኳ አልሰማህም።»

መሐል ሜዳ ስንወርድ፣ ለርዕሰ መምህሩ ልናገር ከቤቴ ጀምሮ ያጠናሁትን ቃል ብፈልገው ጠፋኝ፤ አፌ ላይ የመጣው «ለልጄም ፈተናውን አንብቡላት» የሚል ነበር።